የቤት ስልካችንን ልናሰናብት ስንል

የቤት ስልክ ዛሬ በብዙ የአዲስ አበባ ሳሎኖች ውስጥ የሚኖረው ጡረታ ወጥቶ ነው። ቡፌው ላይ፣ በሠርግ ፎቶግራፉና እንግዳ እንኳ በማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች መካከል፣ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። ለበዓል አቧራው ይጠረግለታል። ሥራ ፈት እንዳይባል አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ሲያነሡት ግን ደዋዩ የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው። የእኛው ስልክ ቁጥሩ ከአንድ ላብራቶሪ ቁጥር ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም፤ ሰዎች እየደወሉ የሽንት ምርመራ ውጤታቸው ደርሶ እንደሆነ እናቴን ይጠይቋታል። እሷም ቁጥሩ መሳሳቱን ከመናገር ይልቅ «አልደረሰም የኔ ልጅ፤ እስከዚያው ተልባ ጠጣበት» ትላቸዋለች። አንዱ መልሶ ደውሎ አመስግኗታል።

ይህን የምለው ስልኩን ለማቃለል አይደለም። የክብሩን ዘመን አይቻለሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በእኛ መንደር ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ ያለ ነገር ነው። አባቴ ያስገባ ዕለት ቡና ተፈልቶ ፈንዲሻ ተበትኗል፤ ከዚያ ወዲያ የመንደሩ ሰው ሁሉ ስልክ ቁጥር የእኛ ቁጥር ሆነ። ጣሊያን ያለች የጎረቤት ልጅ ትደውልና «እናቴን ጥሩልኝ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እደውላለሁ» ብላ ትዘጋለች። እኔ እሮጣለሁ። እናትየው ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ሁለት ጎረቤት አስከትለው ይመጣሉ። ጨዋታው ከ«አለሽ?» ጀምሮ እስከ «ደኅና ሁኚ» ጩኸት ነው፤ ድምፅ ባሕር የሚሻገረው በጉልበት ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። ሲያበቃ ትንሽ ይለቀሳል፣ ቀጥሎ ቡና ይጠጣል፣ የተባለውም ያልተባለውም ይተነተናል።

አባቴ የወር ሂሳቡ ሲያስደነግጠው በመሽከርከሪያው ቁጥር ላይ ትንሽዬ ጓጉንቸር አንጠለጠለ። ታላቅ ወንድሜ ግን እጀታው የሚያርፍበትን ቦታ በጣቱ መታ መታ እያደረገ መደወል ይችል ነበር፤ ለስድስት ስድስቴ፣ ለዜሮ ዐሥሬ። የድሮው የስልክ ማዕከል ቁጥር የሚያነበው መስመሩ ስንት ጊዜ ብልጭ ብሎ እንደተቋረጠ በመቁጠር ስለሆነ፣ ጓጉንቸሩ ያሰረው መሽከርከሪያውን እንጂ ወንድሜን አልነበረም። አባቴ ይህን ሳያውቅ ነው ያረፈው። ወንድሜ ዛሬ አሜሪካ፣ ዴንቨር፣ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ሙያውን የት እንደጀመረ ለቀጣሪዎቹ የነገራቸው አይመስለኝም።

በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ክስ የመሠረተችው ልጄ ናት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ የሁላችንንም ወጪ በስልኳ ደምራ መጣች። እኔ የዳታ ፓኬጅ እገዛለሁ፣ ባለቤቴ ትገዛለች፣ እሷ ትገዛለች፣ ትንሹ ወንድሟ ደግሞ የሦስታችንንም ይጨርሳል። በዚህ ላይ የሽንት ውጤት ለሚጠየቅበት ስልክ በየወሩ እንከፍላለን። «ስልኩ ይነቀልና በአንድ ሂሳብ ለሁላችን የሚሆን ዋይፋይ እናስገባ» አለች። ባለቤቴ «ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ትንሹ «ጌም ላይ አይቆምም?» አለ። እኔ ምንም ከመጠየቄ በፊት ከወንበሯ ላይ ሆና እናቴ መጣችብን።

«እድሩ መዝገብ ላይ ያለው ይሄ ቁጥር ነው። ነገ እኔ ብሞት እድሩ በምን ይደውላል?»

«እማዬ፣ አንቺ ከሞትሽማ ለእድሩ የምንደውለው እኛ ነን።»

«በምን?»

ለዚህ ጥያቄ የቤቱ ሰው በሙሉ፣ እያንዳንዱ ሞባይሉን በእጁ ይዞ፣ መልስ አጣ።

ዋይፋይ ማስገባቱን ከባድ ያደረገብን ግን መምረጥ አለመልመዳችን ነው። ስልክ በዚህ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 በዐፄ ምኒልክ ነው ይባላል፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ካህናቱ ሰው በሌለበት የሚያወራ ዕቃ የሰይጣን ነው ብለው ንጉሡን እንደሞገቱም ይወራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የሰጪው ስም ሲለዋወጥ ኖረ። አንዴ ባለሥልጣን፣ አንዴ ኮርፖሬሽን፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። መስኮቱ ግን አንድ ነበር። አንድ መስኮት ፊት የቆመ ሰው «የትኛው?» ብሎ አይጠይቅም፣ «መቼ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 በሩን ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ፈቃድ አገኘ፣ በ2015 መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። እንደ ዌብስፕሪክስ ያሉ የግል ድርጅቶችም ፋይበር በየሕንፃው ይዘው መጡ። ምርጫ በአዋጅ መጣልን። እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምር አዋጅ ግን እስካሁን አልወጣም።

ስለዚህ እንደ ልማዳችን ልጃችንን ለትዳር የጠየቀን ሰው ቤት እንደምናስጠናው፣ ኢንተርኔቱንም ዘመድ ጎረቤት ጠየቅንበት። ከላይኛው ግቢ ያሉት ጋሼ «የኔው አንደኛ ነው፣ ተቋርጦ አያውቅም» አሉን። ኋላ እንደተረዳነው የሚጠቀሙበት እሑድ እሑድ ስብከት ለመስማት ብቻ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ያንኑ የጋሼን ኩባንያ ስም ሲሰማ ፊቱን አዞረ። እሱ የሚኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። የባለቤቴ እኅት ገርጂ ናት፤ ባሏ በየምሽቱ የስፒድ ቴስት ውጤት ፎቶ አንሥቶ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ሌላ ሰው የልጁን የፈተና ውጤት እንኳ እንዲህ አይለጥፍም። ሁሉም እውነቱን ነው የሚናገረው። የእያንዳንዱ እውነት ግን ከራሱ ምሰሶ አያልፍም። የአያት ኮንዶሚኒየሙ ሰው ፋይበሩ ደረጃው ሥር ደርሶ ቆሞበታል፤ የጋሼ ቤት በአሮጌ የመዳብ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ የገርጂው ሰው ከአንቴናው ፊት ለፊት ነው የሚኖረው። ማስታወቂያው ላይ ያለው የኩባንያ ስም ለሁሉም አንድ ነው። ከበራፍህ ፈንጠር ብሎ የቆመው ምሰሶ ምን እንደተሸከመ ግን ማስታወቂያው አይነግርህም። እኔ ብጠየቅ ማንም ሰው ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት ከቤቱ ወጥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ምሰሶውን ይይ እላለሁ።

እኔም ወጥቼ አየሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ፣ ሰማይ ላይ የምናየውን ሊያይ አብሮን ቀና አለ።

ኢንተርኔት ቤት የሚገባበት መንገድ በአጭሩ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ስልኩ የሚሠራበት ያው የመዳብ ገመድ ነው። በዚያው ሽቦ ላይ ድምፁ በአንድ በኩል፣ ኢንተርኔቱ በሌላ በኩል ይሄዳሉ፤ ቤት ሲደርሱ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትለያቸዋለች። ጥሩነቱ ገመዱ ቀድሞ መኖሩ ነው። ጉዳቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቅህ ቁጥር መድከሙ ነው፤ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል። ያም ብቻ አይደለም፣ ወደ ቤት የሚያስገባው ሰፊ ሆኖ ወደ ውጭ የሚያወጣው ጠባብ ነው። ዴንቨር ያለውን ወንድሜን በቪዲዮ ስናወራው እኛ እሱን ከነጥርሱ እናየዋለን። እሱ የሚያየው ግን የቆመ ምስል ነው። የሚቆመውም ሁልጊዜ የእናቴ ግንባር ላይ ነው፤ ስልክ ስትይዝ ከግንባሯ በታች አሳይታ ስለማታውቅ ለዚህኛው ኩባንያዎቹን አልከስም።

ሁለተኛው ከአየር የሚመጣው ነው። ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ትገዛለህ፣ ሶኬት ላይ ትሰካለህ፣ አለቀ። ቁፋሮ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ግድግዳ የሚበሳ የለም። የባለቤቴ ወንድም የራሱን ለሙከራ አዋሰን። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው የአያቶቻችን ጊዜ ውፍረት አለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ራውተሩን ይዘን ሳሎን ገባን፣ መኝታ ቤት ገባን፣ ጓዳ ገባን። ፀበል ይረጭ ይመስል ቤቱን ከጥግ ጥግ አዳረስነው። ቆርቆሮ ከላይ የሚመጣውን ይመልሳል፣ ወፍራም ግድግዳ ከጎን የሚመጣውን ይውጣል። በመጨረሻ ጥሩ የሚይዘው በአንድ መስኮት ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የሽንት ቤቱ መስኮት። ቀን ቀን ግሩም ይሠራል። ማታ፣ ሠራተኛው ሁሉ ቤቱ ሲገባና በዚያው አንቴና ሥር ያለ ሁሉ እግር ኳሱን ሲከፍት፣ የሁላችንም ድርሻ ይቀንሳል። ትንሹ ልጄ ጌሙ ሲቆምበት ወደ ሽንት ቤት እየሄደ ብዙ ስለቆየ እናቴ ተልባ አዘዘችለት።

ይህን ተናግሬ አየሩን አጣጣልኩ እንዳይባል፣ ተከራይ ብሆን ኖሮ ለአፍታ አላመነታም ነበር። የአዲስ አበባ ተከራይ አከራዩ በየትኛው ቀን «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» እንደሚለው አያውቅም። ግድግዳ አስበስቶ፣ ገመድ አስጎትቶ፣ ዓመት ሳይሞላ ለሚቀጥለው ተከራይ ትቶ መሄድ ምን ይሉታል? ራውተሩን ከፍራሹ ጋር አይሱዙ ላይ ጭኖ አዲሱ ቤት ሶኬት ላይ መሰካት የሚችል ሰው ዕድለኛ ነው። ያላወቀ ሰው ግን የአዲሱን ቤት ውል ከመፈረሙ በፊት የሽንት ቤቱን መስኮት አቅጣጫ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ፋይበር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመካከሉ ልጄና እኔ ሽያጭ ወዳለበት ወረድን። አንድ ደንገጥ የማይል ወጣት ተቀበለን። «ፋዘር፣ ሃያ ሜጋ ነው፣ ይበራል!» አለኝ። «ፋዘር» መባሉን ለጊዜው ዋጥኩት። ሃያ ሜጋ ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቀው «ብዙ ነው» አለኝ። ቤት ስንገባ ልጄ ወረቀት አውጥታ አስረዳችኝ። የኢንተርኔት ሻጭ ፍጥነቱን የሚቆጥረው በሜጋቢት ነው፤ ስልካችን ላይ ያለው ፊልምና ፎቶ የሚቆጠረው ግን በሜጋባይት። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። እናም ሃያው ለስምንት ሲካፈል በሰከንድ ሁለት ተኩል ሜጋባይት ይሆናል። ዘጠኝ መቶ ሜጋባይት ያለው ፊልም፣ ሁሉ ነገር ከሰመረና ሌላ ሰው ካልነካው፣ በስድስት ደቂቃ ይወርዳል። «ስለዚህ ስምንቱ ለእኛ አንድ ነው» ብላ ደመደመች።

እናቴ ከጓዳ ሆና «ሰባቱን ማን ወሰደው?» አለች።

ሂሳቡን እንደገና ከመጀመሪያው ለእሷ ማስረዳት ግድ ሆነ። ሰምታ ሰምታ «ድሮም ጤፍ በቁና ሲባል እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» ብላ ተወችው።

ሻጩ ስለ ፍጥነት ሲናገር አንደበቱ አይገታም። ገደብ የለውም የተባለው ፓኬጅ ስንት ከተጠቀምክ በኋላ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ሲጠየቅ ግን ጓደኛውን ያያል። ሲበላሽ ማን እንደሚመጣና በስንት ቀን እንደሚመጣ ሲጠየቅ ውሃ ይጠጣል። እኔ ልጁን አልፈርድበትም፤ የሚከፈለው በሸጠው ልክ ነው። ገዢው ግን ሰፊ ጊዜውን መስጠት ያለበት ሻጩ ውሃ በሚጠጣባቸው ጥያቄዎች ላይ ይመስለኛል። በአንድ ወር ውስጥ የአምስት ሜጋ ልዩነት ማንም አያስተውልም። ቅዳሜ ጠዋት የጠፋ መስመር ማክሰኞም እንደጠፋ ከሆነ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጆች ከየክፍላቸው ወጥተው ከወላጆቻቸው ጋር ማውራት ይጀምራሉና።

እዚህ ላይ ሆነን ልንወስን ስንል ነው መብራት የሄደው።

ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሻማ ፍለጋ የኩሽናው መሳቢያ ሲንኳኳ፣ ስልኩ ጮኸ። ዳንቴሉን ገፍፋ እናቴ አነሣችው። የሽንት ውጤት ነበር። አልደረሰም ብላ ዘጋችና ወደ ጨለማው ዞራ «ይሄ እናንተ የምታመጡት ነገር አሁን ይሠራል?» ብላ ጠየቀች።

እውነት ለመናገር ከወራት ምርመራ ውስጥ ምርጡ ጥያቄ ይህ ነው። የድሮው ስልክ ከቤቱ መብራት ላይ አይጠጣም። ኃይሉ የሚመጣለት በእነዚያው ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ከስልክ ማዕከሉ ነው፤ 48 ቮልት። ማዕከሉ ባትሪ አለው፣ ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ ከተማው ሲጨልም በቤታችን ውስጥ ሥራቸውን የማያቋርጡ እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። ኢንተርኔት ግን በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ በመዳቡም በፋይበሩም በአየሩም፣ ሶኬት ይፈልጋል። ራውተሩ ሲጠፋ ከአሜሪካ የሚደውለው ወንድሜ ይጠፋል፣ የልጄ ትምህርት ይጠፋል፣ እድሩም ይጠፋል። ይህን ሻጩ አልነገረን፣ የስፒድ ቴስቱም ሰውዬ አልነገረን። የነገሩን ሥር የነካችው ሜጋቢትና ሜጋባይት ያልለየች ሴት ናት።

ለዚህ መላው አለ። ራውተሮች በአብዛኛው የሚፈልጉት 12 ቮልት ብቻ ነው። ከመጽሐፍ የማትበልጥ ሚኒ ዩፒኤስ የምትባል ባትሪ መርካቶም ሆነ ቦሌ ትገኛለች። መብራት ሲኖር ትሞላለች፣ ሲሄድ ራውተሩን ለሰዓታት ትሸከማለች። ባለቤቴ ዋጋዋን ስትሰማ «ዋይፋይ ወይስ መኪና ነው የምናስገባው?» አለች፤ ኋላ ግን ተስማማች። እናቴ የጠየቀችውን ነገር በገንዘብ መከራከር በእኛ ቤት አልተለመደም።

ፋይበር መረጥን። ምክንያቱ ተራ ነው። ምሰሶው ላይ ፋይበሩ የሚከፋፈልበት ጥቁር ሣጥን ነበር፤ ከእሱ እስከ ቤታችን ደግሞ ሩቅ አልነበረም። የመጡት ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ መሰላል ላይ፣ አንዱ ግድግዳ ሲበሳ። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ከተማውን ሲያገላብጠው፣ ገመድ ሁሉ ከመሬት በታች ሲገባ፣ ስካቫተሩም የቀበሩትን መልሶ ሲያወጣ ስለኖሩ ልጆቹ ትዕግሥታቸው ልዩ ነው። እናቴ የሚጎተተውን ነገር ለማየት ቀረበች። ከጥቁሩ ልባስ ውስጥ የወጣው ብርጭቆ ክር ነው፤ የሰው ጠጉር ያህላል።

«ይሄ ነው? ለዚህ ነው ያ ሁሉ ቁፋሮ?»

«ማዘር፣ እንዳይታጠፍ አደራ። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው።»

«ብርሃን ከሆነ መብራት ሲሄድ አይጠፋማ?»

ልጁ መሰላሉ ላይ ያለውን ጓደኛውን አየው። ጓደኛው ምሰሶውን አቀፈ።

«እሱማ ይጠፋል፣ ማዘር።»

ቀጥሎ የሆነውን ሳንጠብቀው ነው የመጣው። ነጯን ሣጥን ግድግዳው ላይ ከሰቀለ በኋላ ልጁ ወደ ቡፌው አይቶ «ስልክ አላችሁ እንዴ? አምጡት» አለ። ከሣጥኗ ጀርባ የስልክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አላት። ፋይበር ድምፅም ይሸከማል ለካ። ስልኩን ልናሰናብት ተነሥተን፣ ጉባኤ ተቀምጠን፣ ምሰሶ መርምረን፣ ጭራሽ ከመዳብ ወደ ብርሃን አሳደግነው። ቁጥሩም ያው ነው። ላብራቶሪውም አልጠፋም።

የቀረው የስም ዝውውር ነበር፤ መስመሩ እስከዚያ ድረስ በአባቴ ስም ነበርና። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት የውርስ ማስረጃ መጠየቋ ተገቢ ነው፤ የሞተ ሰው መስመር ለመጣ ሁሉ አይሰጥም። ወረቀቱን አሟልተን ስናዛውር እናቴ ደረሰኙን አገላብጣ አየችውና «ሰውዬው ከሞተም በኋላ ሂሳቡን በጊዜው ይከፍል ነበር፤ አንተን እናያለን» አለችኝ።

ዋይፋዩ ሲጀምር ይበር ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማታ ማታ መንቀርፈፍ አመጣ። ልጄ ኩባንያውን ልትከስ ስትዘጋጅ የራውተሩን ገጽ ከፍታ አየች። እኛ የማናውቃቸው ስልኮች ተደርድረዋል። ወጥተን ስናይ የመንደሩ ጎረምሳ በሙሉ በአጥራችን ሥር ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ፊታቸው በስልካቸው ብርሃን ያበራል። ፓስዎርዱን ለሁሉም የሰጠች እናቴ ናት። ልጄ ስትቆጣ «አንቺ! እዚህ ቤት ስልክ ለጎረቤት ሲከለከል አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ልጄ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ መስመር ከዚያው ራውተር ላይ ከፈተች፤ ፍጥነቱ የተገደበ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የሚዘጋ። ሰዓቱን የመረጠችው እናቴ ናት፤ ልጆች በጊዜ መተኛት አለባቸው ብላ።

ሚኒ ዩፒኤሷ ግን ሥራ አጣች። ከገዛናት ወዲህ መብራት የሚባል ነገር አልሄድ አለ። ድሮ በዝናብ የሚሄደው፣ በነፋስ የሚሄደው፣ ያለምክንያትም የሚሄደው መብራት፣ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ አደረ። እናቴ ገንዘቡ የባከነ መሰላት። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ነጠላዋን ደርባ ራውተሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ዝናቡ ይዘንማል፣ ያባራል፣ አምፖሉ ቦግ እንዳለ ነው። ትነሣና «ምን ዓይነት ነገር ነው!» እያለች ትሄዳለች።

በአንድ እሑድ ማታ አርሴናል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ኳሱ ነጥቡ ላይ ተቀምጧል፣ ልጄም እኔም ቆመናል፣ ትንሹ ዓይኑን በእጁ ሸፍኗል። ሁሉም ነገር ጨለመ። እሪ ብለን ሳንጨርስ ስልኩ ጮኸ። ከበረንዳው በኩል፣ ከቆጣሪው አቅጣጫ፣ የእናቴ ጫማ እየተንኮሻኮሸ መጣ። በዳበሳ እጀታውን አነሣች። የማኅበሯን ሴትዮ ልክ በሦስት ሰዓት እንድትደውልላት ቀጥራት ኖሯል።

«አቤት! ይሠራል! ይሠራል አልኩሽ እኮ! በይ ዝጊው አሁን፣ እንዳይቆጥርብሽ።»

ትንሹ ከሶፋው ሥር ሆኖ ጨዋታውን በስልኩ ከፍቶ ነበር። «አገባ!» አለ።

ባለቤቴ «እትዬ፣ እባክዎ አሁን መብራቱን ያብሩት» ብላ ለመነቻት።

«ቆዪ እንጂ» አለች እናቴ ወንበሯን እየሳበች፣ «ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ሳናውቅ?»